የጎተራዋ ሰዓት

እኔና ባለቤቴ ደምሴ አብረን የሠራነው የመጨረሻው ተራ ሥራ ኮምፒውተር ማደስ ነበር። እሱ ይናገራል፣ እኔ እጽፋለሁ። በሠላሳ አንድ ዓመት ትዳራችን ሥራችን ሁሉ እንዲህ ነበር፤ እሱ ያስረዝማል፣ እኔ አሳጥራለሁ።

ኮምፒውተሯን ላስተዋውቃችሁ። ወልድያ፣ ቤታችን ጓዳ ውስጥ፣ በበርበሬ ማሰሮውና በአሮጌው የልብስ ስፌት መኪና መካከል የምትቀመጥ ጥቁር ሳጥን ናት። ደምሴ ሃያ ምናምን ዓመት በመሥሪያ ቤቱ ኮምፒውተር ሲጠግን ኖሮ ጡረታ ወጣ። ሌላው ጡረተኛ ጋቢ ወይም የግድግዳ ሰዓት ተሸልሞ ይመጣል፤ የእኔው ሰው ሊጣል የተዘጋጀ ኮምፒውተር ለምኖ፣ በባጃጅ ጭኖ መጣ። ትልልቅ ዲስኮች ጨመረባት፣ ሊኑክስ የሚባለውን ጫነባትና የቤቱ ፋይል ማስቀመጫ አደረጋት። ከማናችንም ስልክ የተነሣ ፎቶ በቤቱ ዋይፋይ እሷ ዘንድ ይገባል፤ ሲፈለግ ከእሷ ይወጣል። «እንግዲህ ጎተራችን ይህች ናት» አለ፤ ስሟም ጎተራ ሆኖ ቀረ። ሊኑክስ ምንድን ነው ለሚለኝ ሰው መልሴ አንድ ነው፦ ዊንዶውስ ያልሆነው። ከዚያ በላይ የፈለገ ደምሴን ይጠይቅ ነበር። የጠየቀም ምሳ ሰዓት ያልፍበት ነበር።

ጦርነቱ ወደ እኛ እየቀረበ ነው ሲባል ጎተራዋ የሰፈሩ ሆነች። ሰው ሊሸሽ ሲያስብ መጀመሪያ ትዝ የሚለው ወረቀት መሆኑን ያወቅሁት ያኔ ነው። የቤት ካርታ፣ የጋብቻ ወረቀት፣ የልጅ የትምህርት ማስረጃ። ደምሴ «አምጡት፣ ፎቶ አንሥቼ ላስገባላችሁ። ዋናው ቢጠፋ ምስሉ ይኖራል» ብሎ በረንዳው ላይ ጠረጴዛ አወጣ። የሐምሌ ነፋስ ወረቀቱን ሲያነሣበት ጥጉን በግራ አውራ ጣቱ ጫን አድርጎ ይይዝና በቀኝ እጁ ፎቶ ያነሣል። ስለዚህ በየፎቶው ጥግ ላይ አንድ አውራ ጣት አለ።

«ጣትህን አንሣ እንጂ» እለዋለሁ። «የሰው ማስረጃ ላይ ጣት ምን ይሠራል?»

«ጣቴን ካነሣሁ ወረቀቱን ሐራ ገበያ ነው የምታገኚው።»

ወረቀት ይዘው ከመጡት አንዱ ሐጂ ሑሴን ነበር። ሐጂ ሑሴን ሀብሩ ውስጥ፣ ከመርሳ ትንሽ ወጣ ብሎ ማሽላና ማንጎ የሚያመርት የደምሴ የልጅነት ጓደኛ ነው። የመጣው የልጁን የፋጡማን ዲፕሎማ ይዞ ነው፤ በነርስነት የተመረቀችበትን። ያን ዲፕሎማ እንደ ሕፃን በነጭ ጨርቅ ጠቅልሎት ነበር። ደምሴ ፎቶ ሲያነሣው ሐጂ «ጣትህ ፊርማው ላይ እንዳያርፍ» እያለ በላዩ ላይ አጎንብሶ ቆመ።

ነሐሴ እንደገባ አንድ ከሰዓት በኋላ ኔትወርኩ ጥሩ ሆነ። ደምሴ «ሳይቆረጥ አፕዴት እናድርጋት» አለኝ። አፕዴት ማለት ኮምፒውተሯ አዲስ አዲሱን ከኢንተርኔት እያወረደች ራሷን የምታድስበት ነው። ይህን ባደረገ ቁጥር ደብተር ያስይዘኛል። «እኔ በሌለሁ ቀን እንድትችይው» ይላል፤ አነጋገሩ ገበያ ደርሶ እንደሚመለስ ሰው ነው።

ጻፍኩ። አንደኛ፣ ማንም ፋይል እንዳያስገባ ንገሪ። ሁለተኛ፣ የሁሉንም ቅጂ በትንሿ ዲስክ ያዢ። እንዲህ እንዲህ እያለ ስድስተኛው ላይ፣ ጨርሻለሁ ስትል አጥፊያትና እንደገና አስነሻት። ሰባተኛው ላይ ደምሴ ሳንቲም ስለምታህል አንዲት ባትሪ ማውራት ጀመረ። ከባትሪዋ ተነሥቶ ግድግዳው ላይ ወደተሰቀለው ካላንደር ሄደ፣ ከካላንደሩ ሮም ገባ፣ ሮም ላይ አንድ ሊቀ ጳጳስ አገኘ። ምስር ጥጄ ነበር፤ ሽታው መጣ። እኔ ደግሞ ሠላሳ ዓመት አማርኛ ያስተማርኩ ሴት ነኝ፣ ማለቂያ የሌለው ዓረፍተ ነገር በምን እንደሚዘጋ አውቃለሁ። «ሰባተኛ፦ ወዘተ።» ብዬ ጽፌ ወደ ምድጃዬ ሮጥኩ። ምስሩ አርሯል። እንዳረረ በላነው። መብራቱ ብልጭ ድርግም ይል ስለነበረ ጎተራዋን አጠፋናትና እንደገና ማስነሣቱን ለማግስቱ አልነው።

በማግስቱ የከባድ መሣሪያ ድምፅ ከተማው ዳር ደረሰ። ደምሴ ጎተራዋን በጆንያ ጠቅልሎ ዶሮ ቤት ወለል ላይ አስቀመጣት፣ ጭድ አለበሳት፣ ከላይዋ እንቁላል ያቀፈችውን ቀይ ዶሮ አስቀመጠባት።

ደምሴ የስኳር ሕመም ነበረበት። መንገዱ ተዘግቶ መድኃኒቱ አለቀ። መስከረም ላይ ሞተ። እነዚህን ሦስት ዓረፍተ ነገሮች ለመጻፍ ሁለት ሳምንት ፈጅቶብኛል፤ እዚሁ ልተዋቸውና ወደ ዶሮዋ ልመለስ።

ቤታችን ሦስት ጊዜ ተፈተሸ። ቴሌቪዥኑ ሄደ፣ ስክሪኑ ሄደ። ትንሿ ዲስክ የነበረችው መሳቢያ ውስጥ ነው፤ መሳቢያውን መክፈት ሰልችቷቸው መሰለኝ ከነመሳቢያው ወሰዷት። ኪቦርዱን ጥለውት የሄዱት አንድ ፊደሉ የወለቀ ስለሆነ ነው። ሌሎቹ ዶሮዎች ተበሉ። ቀይዋ ግን ክፉ ናት። አንዱ የታጠቀ ሰው እጁን ወደ ዶሮ ቤቱ አስገባ፣ እጁን አወጣ፣ ደሙን እያየ ሄደ። ጎተራዋ ስድስት ወር ከዚያች ዶሮ ሥር ኖረች። እንዲህ ያለ ጥበቃ የነበረው ሌላ ንብረት ከተማው ውስጥ አልሰማሁም።

የካቲት ላይ መንገዱ ተከፍቶ፣ መብራትም ተመልሶ ነበር። አንድ ማክሰኞ ጠዋት ሐጂ ሑሴንና ፋጡማ ከመርሳ መጡ። መንገድ ከልክሎት የቆየ ለቅሶ ሊደርስ ነው። ሐጂ በሩ ላይ ጫማውን አወለቀ፣ ገባ፣ የደምሴን ወንበር አይቶ ሳይቀመጥበት ምንጣፉ ላይ ተቀመጠ።

«አላህ ያጥናዎት ቲቸር። መቅበር ሲገባኝ ሳልቀብረው ቀረሁ።»

«መንገዱ አይደል ሐጂ። ማን በመንገድ ይፈረድበታል።»

ሻይ አፈላሁ። ስለ ማንጎው ጠየቅሁት፤ ዘንድሮ ዛፉ ደኅና ነው፣ ሰው ነው የተጎዳው አለኝ። ስለ ማሽላው ጠየቅሁት። ፋጡማ ግን ሻይዋን እንደያዘች ዓይኗ ጓዳው በር ላይ ነው። አባቷ ባያት ቁጥር ዓይኗን ትሰብራለች፤ ከአፍታ በኋላ መልሳ ጓዳውን ታያለች። አባቷ ጉሮሮውን ይጠርጋል። ይህ ብዙ ጊዜ ሲደጋገም መምህርነቴ ተነሣብኝ። ክፍል ውስጥ እጇን ሳታወጣ የምትጠይቅ ተማሪ አውቃለሁ።

«ፋጡማ፣ ዲፕሎማሽ ደኅና ነው?»

መልሱን የሰጠው አባቷ ነው። «ተቃጠለ ቲቸር። ቤቱም ሳጥኑም። ግን ለቅሶ ሊደርስ የመጣ ሰው ወረቀት አይጠይቅም። ከቤት ስወጣ ወላሂ ብዬ ምያለሁ።»

«እኔ አልማልኩም» አለች ፋጡማ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሐራ አንድ ክሊኒክ ነርስ ይፈልጋል፤ ማመልከቻው ዓርብ ይዘጋል። የተማረችበት ኮሌጅ መዝገቡ ተበታትኗል፣ ቅጂ ካመጣሽ ምትክ እንጽፋለን ብሏታል። ቅጂው ያለው በዚህ ዓለም አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ እኔ ዶሮ ቤት ውስጥ። ቤቱ ተቃጥሎ፣ ማሽላው ተበልቶ፣ ለዚያ ቤተሰብ የቀረው ደመወዝ የሚመጣበት መንገድ እሱ ነው።

«ሻይሽን ሳትጨርሺ አወጣልሻለሁ» አልኳት። ይህን ያልኩት በእውነተኛ ኩራት ነው። ደብተር አለኝ፣ ሰባት ተራ ቁጥር አለኝ።

ዶሮዋን ለማንሣት ሁለት ሰው አስፈለገ። ሐጂ ሑሴን ቢስሚላህ ብሎ ጋቢውን ጣለባትና አቅፎ ያዛት፤ እኔና ፋጡማ ጆንያውን ጎተትን። ስክሪን ስለሌለኝ ከጎረቤቴ ከጌታቸው ተዋስኩ። ጌታቸው ባጃጅ የሚነዳ የአራት ልጆች አባት ነው፤ ድሮ ቴሌቪዥን ይጠግን ስለነበር ሰፈሩ «ኢንጂነር» ይለዋል። ስክሪኑን አምጥቶ አልሄደም። «ስክሪኔ ያለበት እኔም አለሁ ቲቸር» ብሎ ወንበር ሳበ።

አበራኋት። ጮኸች፣ ማራገቢያዋ ላባ ተፋ፣ ስክሪኑ ጥቁር ሆነና አንድ ነገር ጠየቀ። በእንግሊዝኛ ነው፤ ግን ይህችን አወቅኋት። ሰዓቴ ጠፍቶብኛል፣ ዛሬ ቀኑ ስንት ነው ነው የምትለው። እንኳን ይህን። ቀና ብዬ ልጄ ሰላም ከአዲስ አበባ የላከችልኝን ካላንደር አየሁ። ቀን አሥራ አምስት። የካቲት ከመስከረም ስድስተኛ ወር ነው፤ ስድስት። ዓመተ ምሕረት 2014። ሰዓቴን አየሁ፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት ተኩል፤ ሦስት ከሠላሳ። አንድ በአንድ ሞላሁላት። ልብ ያለው አንባቢ እዚህ ላይ ፈገግ ብሏል። እኔ ግን ኮስተር ብዬ መነጽሬን አስተካከልኩና ቁልፉን ተጫንኩ።

ጽሑፍ ይንቆረቆር ጀመር። ፋጡማ እጇን አጨበጨበች። ከዚያ ጽሑፉ ቆመ። ከታች አንዲት ነጭ መስመር ብቻ ብልጭ ትላለች። አጠፋኋት፣ አበራኋት፤ እዚያው ቆመች። ሦስተኛ ሞከርኩ። ዶሮዋ ከሐጂ ጋቢ ውስጥ ታየናለች።

ሰላም ዘንድ ደወልኩ። የተማረች ልጅ ናት፣ አዲስ አበባ ቢሮ ውስጥ ኮምፒውተር ፊት ነው የምትውለው።

«እማዬ፣ የመጨረሻው መስመር ምን ይላል?»

«ብዙ ነው የሚለው።»

«አንብቢልኛ።»

«ዩ። ኤን። ኢ። ኤክስ። ፒ…»

«እማዬ፣ ቃሉን አንብቢው፣ ፊደል አትቁጠሪ።»

«ልጄ፣ ፊደል ያስቆጠርኩሽ እኔ ነኝ። ታገሺኝ።»

«ያልተጠበቀ ማለት ነው። ቀጥሎስ?»

ቀጥሎ ያለውን ስጀምር ኔትወርኩ ሄደ። ያልተጠበቀ የሚለውን ቃል ይዘን ተፋጠጥን። ጌታቸው «እሱንማ እኛም አልጠበቅነውም» አለ። ቆይቶ ስልኩ ሲመለስ ሰላም በአንድ ትንፋሽ ነገረችኝ፦ «አባዬ አፕዴት አድርጎ እንደገና ሳያስነሣት ነው አይደል የተዋት? አፕዴቱ ነው እማዬ። አፕዴት እንዲህ ያደርጋል፣ የታወቀ ነው።» ከዚያ መስመሩ እስከ ማግስቱ ተዘጋ።

ስልኩን አስቀመጥኩ። አፕዴቱ ነው ማለት ደምሴ ነው ማለት ነው። በሠላሳ አንድ ዓመት እቃ ሲያበላሽ አይቼው የማላውቅ ሰው፣ የመጨረሻ ሥራው የሰፈሩን ሁሉ ወረቀት ያጠፋ ሊሆን ነው። ደብተሩን አወጣሁ። ከአንድ እስከ ስድስት የእሱ ቃል በእኔ ጽሕፈት ቁልጭ ብሎ ተቀምጧል። ሰባተኛው ላይ፣ መድኃኒቱ ይኖርበታል ብዬ ባሰብኩት ቦታ፣ ወዘተ አለ። ሠላሳ ዓመት ያመሰገኑልኝን የእጅ ጽሕፈቴን እንደዚያን ዕለት ጠልቼው አላውቅም።

«ዶሮ ነው» አለ ጌታቸው፣ ከሳጥኑ ውስጥ ሁለተኛ ላባ መዝዞ ወደ ብርሃን እያነሣ። «ስድስት ወር ዶሮ ሲቀመጥበት የኖረ ኮምፒውተር ምን እንዲልዎት ነው የሚጠብቁት?» የባጃጁን ጎማ መንፊያ አመጣና ይነፋባት ጀመር። ላባው፣ ጭዱ፣ ኩሱ ወጥቶ ሳሎኔ ላይ አረፈ፤ ገሚሱ የሐጂ ሻይ ውስጥ ገባ። ሐጂ ብርጭቆውን አየና በትሕትና አስቀመጠው። አበራናት። ከላባ የጸዳች ሆና እዚያው ቆመች።

ጌታቸው እጁን በሱሪው ጠረገ። «እንግዲህ አንድ መንገድ አለ። ዊንዶውስ እንጫንባት።»

«ከዚያ ወረቀቶቹ ይወጣሉ?»

«ወረቀቶቹማ ይጠፋሉ። ግን ንጹሕ ኮምፒውተር ይኖርዎታል።»

የማፍርበትን ልናገር። ለትንሽ ጊዜ እሺ ልል ነበር። ደክሞኛል፣ ቤቱ ላባ በላባ ሆኗል፣ ሰውዬው በእርግጠኝነት ይናገራል፤ ባሌ ከሞተ ወዲህ በእርግጠኝነት የሚናገር ወንድ ሲመጣ ነገሩን ለእሱ መተው ያምረኝ ነበር። ጌታቸው ከኪሱ አንዲት ፍላሽ አውጥቶ ሊሰካ አጎነበሰ። ያኔ ፋጡማን አየኋት። ሻይዋን አሁንም አልጨረሰችም።

ተነሣሁና ጎተራዋ ላይ ተቀመጥኩባት።

«ቲቸር፣ ይነሡ እንጂ።»

«አልነሣም።»

«ስሰካ ብቻ ትንሽ ዘወር ይበሉልኝ።»

«ጌታቸው፣ ሚስትህን ጥራት ከፈለግህ፤ አልነሣም አልኩ።»

ሐጂ ሑሴን ከጥግ ሆኖ፣ ዶሮዋን እንዳቀፈ፣ «ይህችን ያነሣናት ለዚህ ነው እንዴ?» አለ። ከመስከረም ወዲህ ቤቴ ውስጥ ሰው ሲስቅ የሰማሁት የዚያን ዕለት ነው፤ ከሳቁት አንዷ እኔ ነበርኩ። ጌታቸው ፍላሹን ኪሱ መለሰ። ሐጂና ፋጡማ ከተማው ውስጥ ካለ ዘመዳቸው ዘንድ ሊያድሩ ሄዱ።

ረቡዕ ጠዋት ተመልሰው ሲመጡ እኔ ጠረጴዛ ላይ ነበርኩ። ወስኜ ነበር። ልጄ አፕዴት ትበል፣ ጌታቸው ዶሮ ይበል፣ ማሽኗ ራሷ የምትለውን ግን ከመካከላችን ያነበበ የለም። ክፍል ውስጥ ብዙ ጊዜ የተናገርኩት ነገር ነው፤ ጥያቄውን ሳታነቡ አትመልሱ። ስክሪኑ ላይ ያለውን መስመር በመስመር በደብተሬ ገለበጥኩ፣ የደምሴን ትልቁን መዝገበ ቃላት ከፈትኩና እንደ ግዕዝ ቅኔ አንድ በአንድ እፈታው ጀመር። ለአንዱ ዓረፍተ ነገር ብቻ አንድ ሰዓት ሙሉ ፈጀብኝ። ሲያልቅ ጮክ ብዬ አነበብኩት።

«ዲስኩ ለመጨረሻ ጊዜ የተከፈተበት ጊዜ ወደፊት ነው።»



«ቅዠት ነው» አለ ጌታቸው። ስክሪኑን ሊጠብቅ ከጠዋት ጀምሮ እዚያው ነበር። «ኩሱ አናቷ ላይ ወጥቶ ነው።»

ሐጂ ሑሴን ግን ጢሙን እየዳሰሰ ያስባል። «ወደፊት ስትል ስንት ትላለች?»

«ነሐሴ፣ ሁለት ሺህ ሃያ አንድ።»

«አሁን ስንት ነው ትላለች?»

«ሁለት ሺህ አሥራ አራት።»

«ማን ነገራት?»

«እኔ።»

ሐጂ ቀስ ብሎ ራሱን ነቀነቀ። «ቲቸር፣ ሐጅ ልሄድ ፓስፖርት ሳወጣ የተወለድኩበትን ዓመት በአገሩ ነገርኳቸው። ጸሐፊው እንደነገርኩት ጻፈው። ጂዳ ስወርድ ሰባት ዓመት አርጅቼ ነበር። አንድ ቀን ሳልኖረው፣ ወላሂ፣ ሰባት ዓመት በነፃ አረጀሁ። ይህች ሳጥን በማን ነው የምትቆጥረው? በእኛ ነው ወይስ በፈረንጅ?»

እስክሪብቶዬን አስቀመጥኩ።

«እኔ በሦስት ነው የምቆጥረው» አለ ሐጂ። «እርሻውን በአገሩ፣ ረመዳንን በሂጅራ፣ ፓስፖርቱን በፈረንጅ። እርስዎ በአንዱ ብቻ ስለኖሩ ነው።»

ያኔ ሰባተኛው ተራ ቁጥር ከነምስሩ ሽታ መጣልኝ። ደምሴ ወንበሩ ላይ ዞር ብሎ በእስክሪብቶ ወደ ካላንደሩ እያመለከተ ነበር። ባትሪዋ አርጅታለች፤ መብራት ከራቃት ቀኑን ትረሳለች፤ ስትነሣ ትጠይቅሻለች፤ ያኔ ካላንደሩ ላይ ትልቁን ቁጥር ትተሽ ጥጉ ላይ ያለችውን ትንሿን ቁጥር፣ የፈረንጁን፣ ስጫት። የሮሙ ሊቀ ጳጳስ የመጣው የፈረንጁን አቆጣጠር ያወጣው እሱ ስለሆነ ነው። ይህን ሁሉ ሰምቻለሁ። ሰምቼ ነው ወዘተ ያልኩት። አፕዴቱ ምንም አልነበረበትም። ደምሴ ምንም አላበላሸም። እኔ ነኝ ማሽኗን ከዚያ ነሐሴ ሰባት ዓመት ከሁለት ወር ወደኋላ የመለስኳት፤ ዲስኩን ስታየው ደግሞ ገና ባልመጣ ቀን የተከፈተ ሆኖ አገኘችው፤ ደንግጣ ቆመች። ማንስ ቢሆን አይደነግጥም?

ሰዓቷን ላስተካክል ተቀመጥኩ። የቀኑ ቦታ መጣ። እጄ ግን ቁልፉ ላይ ቆመ። ዲስኩን ለመጨረሻ ጊዜ የከፈተው ደምሴ ነው፤ ያ ነሐሴ የእሱ ነሐሴ ነው። አሁን እሷ ባለችበት ሰዓት ያ ቀን ገና አልደረሰም። ጦርነት የለም፣ መንገዱ ክፍት ነው፣ መድኃኒት ቤቱ ሙሉ ነው፣ ደምሴ መሥሪያ ቤት ሄዷል፣ ለምሳ ይመጣል። ሰባት ዓመት ከሁለት ወር ይቀረዋል። ቁልፉን ከተጫንኩ ያ ሁሉ ያልፋል።

 

ፋጡማ ብርጭቆዋን ስታስቀምጥ ሰማሁ። ዓርብ ሁለት ቀን ቀርቶታል። ቀና ብዬ ትንሿን ቁጥር አነበብኩና አስገባኋት፣ ቀጥሎ ወሩን፣ ቀጥሎ ዓመቱን። ለሰዓቱ ስድስት ደመርኩ፤ አራት ሰዓቱ አሥር ሆነ። ተጫንኩ።

ጽሑፉ ተንቆረቆረ። ትናንት የቆመበት ቦታ ደረሰ፤ አለፈው። እያለፈ ሄዶ መጨረሻው ላይ የጎተራዋ ስም መጣ፣ ደምሴ በእንግሊዝኛ ፊደል የጻፈው። ሐጂ ሑሴን «አልሐምዱሊላህ» አለ። እኔ እመቤቴን አመሰገንኩ። ጌታቸው «ላባው ከወጣ በኋላ ነው የሠራችው፣ ልብ በሉ» አለ። ተውነው፤ ስክሪኑ የእሱ ነው።

የፋጡማን ዲፕሎማ ከስልኬ ከፈትኩት። ስሟ አለ፣ ማኅተሙ አለ፣ ፊርማው አለ። በግራ በኩል ታችኛው ጥግ ላይ፣ ጥፍሩ አጭር፣ አንጓው ላይ የብየዳ ጠባሳ ያለበት አውራ ጣት ወረቀቱን ጫን ብሎ ይዟል።

ፋጡማ ስልኩን ተቀብላ ረጅም ጊዜ አየችው። «ቲቸር፣ ሳሳትመው ይህን ልቁረጠው?»

«እንደፈለግሽ» አልኳት። ድምፄ ደኅና ነበር።

«አልቆርጠውም» አለች።

በዚያው ዕለት አሳትማ ኮሌጅ ወሰደችው። የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ ወረቀቱን አገላብጦ «ይህ ጣት የማን ነው?» አላት አሉ። «ወረቀቱን የያዘልኝ ሰው ነው» አለችው። ሰውዬው ሌላ አልጠየቀም፤ እሱም ወረቀት የጠፋበት ሰው ሳይሆን አይቀርም። ሐሙስ ምትኩን ጻፈላት። ዓርብ ከቀኑ በዘጠኝ ሰዓት ስልኬ ጮኸ፤ «ገባልኝ ቲቸር» ብቻ ብላ ኔትወርኩ ወሰዳት። ስልኩን ይዤ የደምሴ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ከመስከረም ወዲህ የተቀመጠበት ሰው አልነበረም። ጀርባውን ሲደገፉት ይመቻል፤ ለካ ሠላሳ ዓመት ደብቆኝ ነው።

ፋጡማ አሁን ሐራ ትሠራለች። ስትመጣ ለቀይዋ ዶሮ ማሽላ ይዛላት ትመጣለች፤ ዶሮዋም ትነክሳታለች። ሰላም አዲስ ባትሪ ልካልኝ ጌታቸው ገጥሞልኛል። በደብተሩ ሰባተኛ ተራ ላይ ወዘተን ሰርዤ ደምሴ ያለውን ሙሉውን ጻፍኩት፤ ሊቀ ጳጳሱን ጭምር፣ አንድ ገጽ ተኩል ወጣው።

በየወሩ መጀመሪያ ጎተራዋን አፕዴት አደርጋለሁ። ማክሰኞና ሐሙስ ከሰዓት በኋላ በረንዳው ላይ ጠረጴዛ አወጣና የሰው ወረቀት ፎቶ አነሣለሁ፤ ጥጉን በአውራ ጣቴ እይዛለሁ።